የሥራ ዕቃ ቢያረጅም ደረሰኙ አያርጅ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ወጥቷል።)






ባለፈው ወር ስለ ፍሳሽና ስለ መንገድ መብራት ተነጋግረን ልንበተን ስንል፣ ወፍጮ ቤት ያላቸው አንዲት እናታችን እጃቸውን አውጥተው አንድ ጥያቄ መጠየቃቸውን ታስታውሳላችሁ። «ልጄ፣ የወፍጮዬ ድንጋይ አልቋል፤ ሞተሩም እያቃሰተ ነው፤ ቺንጋው በየጊዜው ይበጠሳል። ግብር ስከፍል ያስገባሁትን ይጠይቁኛል እንጂ ያረጀብኝን የሚጠይቀኝ የለም። ወፍጮዬ ማርጀቱን ማን ነው የሚያይልኝ?» ነበር ያሉት። ሁላችንም ሳቅን። እኔም በዚያን ዕለት የሚረባ መልስ አልነበረኝም፤ ለዚህ ወር ይቆየኝ ብዬ አለፍኩት።

ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ ሳይሆን የሁላችን ሆኖ አገኘሁት። እዚህ ሰፈር ውስጥ ስንት ዓይነት ሥራ አለ? ከአብነት እስከ ጌጃ ሰፈር ብንዞር ብየዳ ቤቱ፣ እንጨት ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ዳቦ ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ ብዙ ነው። ፍርድ ቤቱ አካባቢ ደግሞ ማመልከቻ የሚጽፈውና ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው አለ። ሁሉም የሚያድረው በዕቃው ነው፤ የሁሉም ዕቃ ደግሞ ያረጃል። ስለዚህ አዋጁንና ደንቡን ከሚያውቁ ሰዎች እየጠየቅሁ፣ ራሴም ወረቀቱን እያነበብኩ ያገኘሁትን ዛሬ በቀላል ቋንቋ ልነግራችሁ መጥቻለሁ። እኔ የሂሳብ ሊቅ አይደለሁም። የምናገረው እኔ ራሴ በገባኝ መንገድ ነው፤ ለእኔ ከገባኝ ደግሞ ለማንም ይገባል።

የእርጅና ቅናሽ ምንድን ነው?

የእድራችንን ድንኳን አስቡት። የተገዛ ዕለት ሸራው እንዴት ነጭ ነበር! ዛሬ እዩት፤ እዚህ ተጥፏል፣ እዚያ ተሰፍቷል፣ አንዱ ብረት ተጣሟል። ድንኳኑን የገዛነው በአንድ ቀን ነው፤ ያለቀው ግን በአንድ ቀን አይደለም። በየለቅሶው፣ በየተዝካሩ፣ በየሠርጉ ትንሽ ትንሽ እያለቀ ነው እዚህ የደረሰው። ታዲያ አንድ ሰው ተነስቶ «ድንኳኑ ስንት አስወጣችሁ?» ቢለን፣ የገዛንበት ዓመት ላይ ሁሉንም ቆጥረን በሌላው ዓመት ምንም አላወጣንም ማለት እውነት አይሆንም። በየዓመቱ ከድንኳኑ የተወሰነ ክፍል በልተናል።

የእርጅና ቅናሽ ማለት ይኸው ነው። የሥራ ዕቃ የተገዛበትን ዋጋ ዕቃው በሚያገለግልባቸው ዓመታት ላይ ከፋፍሎ፣ በየዓመቱ የደረሰውን ድርሻ እንደ ወጪ መቁጠር ማለት ነው።

የግብር ሕጉ ወጪን በሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው በዚያው ዓመት ተበልቶ የሚያልቀው ነው፤ የቤት ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ መብራት፣ ዱቄት፣ ክር፣ ኤሌክትሮድ የመሳሰለው። ይህ ለሥራው የወጣ መሆኑ በማስረጃ ከታየ በዚያው ዓመት ከገቢ ላይ ይቀነሳል። ሁለተኛው ከአንድ ዓመት በላይ የሚያገለግለው ዕቃ ነው። ይህንን በገዛችሁበት ዓመት ጠቅላላ ዋጋውን «ወጪዬ ነው» ብላችሁ ብትጽፉ ሕጉ አይቀበላችሁም። የሚቀበለው በየዓመቱ በእርጅና ቅናሽ መልክ ሲቀርብ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። አንዱ ሁሉን ባንድ ዓመት ይቀንስና በምርመራ ጊዜ ውድቅ ይደረግበታል። ሌላው ደግሞ «ይሄ ወጪ አይደለም፣ ንብረት ነው» ብሎ ጭራሽ ሳይቀንስ ይቀራል። የመጀመሪያው ከሕጉ ጋር ይጣላል፤ ሁለተኛው ደግሞ የገዛ ገንዘቡን ይጥላል።

የትኛው ዕቃ ነው የሚቀነስለት?

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ ዕቃው ከአንድ ዓመት በላይ የሚያገለግል መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ በአገልግሎት ብዛት ወይም ጊዜ ስላለፈበት ዋጋው የሚቀንስ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ በሙሉም ሆነ በከፊል ለንግድ ሥራው ገቢ ማግኛ የሚውል መሆን አለበት።

በዚህ መሠረት የብየዳ ማሽኑ፣ ኮምፕረሰሩ፣ የልብስ ስፌት መኪናው፣ የሊጥ ማቡኪያው፣ የቡና ማሽኑ፣ የሱቁ ፍሪጅ፣ የፀጉር ቤቱ ካስክ፣ መደርደሪያውና ወንበሩ ሁሉ ይገባል። መሬት ግን አያረጅምና አይገባም። ለሽያጭ የተቀመጠ ዕቃም አይገባም። ፍሪጅ የሚሸጥ ነጋዴ መደብሩ ውስጥ የደረደራቸው ፍሪጆች ሸቀጡ ናቸው፤ ለስላሳ የሚያቀዘቅዝበት የራሱ ፍሪጅ ግን የሥራ ዕቃው ነው።

«በከፊል» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ቀን ሱቅ ውስጥ የሚሠራበት ኮምፒዩተር ማታ ቤት ሄዶ ልጆች የሚያጠኑበት ከሆነ፣ የሚቀነሰው ለሥራው የዋለው ድርሻ ብቻ ነው። ግማሹ ለሥራ ከሆነ ግማሹ ይቀነሳል። ፍሪጁም፣ መኪናውም እንዲሁ ነው።

በስንት ይቀነሳል?

ይህንን የሚወስነው በ2009 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410/2009 ነው። ዱሮ በ1994 ዓ.ም. አዋጅ ጊዜ የነበረው አሠራር ሌላ ስለነበር፣ ያንን የለመዱ ሰዎች የሚነግሯችሁ ቁጥር ከአሁኑ ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ግር አይበላችሁ።

ደንቡ ሁለት ዘዴ አስቀምጧል። አንደኛው ቀጥተኛው ነው፤ በየዓመቱ ከተገዛበት ዋጋ ላይ እኩል ይቀነሳል። ሁለተኛው ከቀሪው ዋጋ ላይ የሚቀነስበት ነው፤ በመጀመሪያ ብዙ ይቀነስና በኋላ እያነሰ ይሄዳል። ቁጥሩም የሚከተለው ነው፤

ለኮምፒዩተር፣ ለሶፍትዌርና ለመረጃ ማከማቻ መሣሪያ በቀጥተኛው 20 በመቶ፣ ከቀሪው ላይ ሲሆን 25 በመቶ፤

ለሌሎች የሥራ ዕቃዎች በቀጥተኛው 15 በመቶ፣ ከቀሪው ላይ ሲሆን 20 በመቶ፤

ለሕንፃና በመሬት ላይ ለተሠራ ግንባታ በቀጥተኛው ብቻ 5 በመቶ።

የእኛ ሰፈር ዕቃ አብዛኛው በሁለተኛው መስመር ላይ ነው የሚወድቀው። አንድ ልብስ ሰፊ የ100,000 ብር መኪና ገዛ እንበል። በቀጥተኛው ዘዴ በየዓመቱ 15,000 ብር ይቀንሳል። በስድስት ዓመት 90,000 ይሆናል፤ የቀረችውን 10,000 በሰባተኛው ዓመት ይጨርሳል። በሌላኛው ዘዴ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት 20,000 ይቀንሳል፤ 80,000 ይቀራል። በሁለተኛው ዓመት የ80,000 ሃያ በመቶ 16,000 ይቀንሳል፤ 64,000 ይቀራል። በሦስተኛው ዓመት 12,800 ይቀንሳል፤ 51,200 ይቀራል። ሦስቱን ዓመት ብንደምር በቀጥተኛው 45,000፣ በሌላኛው 48,800 ነው። በአራተኛው ዓመት ግን ቀጥተኛው 60,000 ደርሶ ሌላኛውን በትንሽ ይቀድመዋል። አንዱን ዘዴ ከመረጣችሁ ለማሽኖቻችሁ ሁሉ እሱኑ ነው የምትሠሩበት፤ ዛሬ ይሄን፣ ነገ ያንን ማለት የለም።

ዕቃው በዓመቱ መካከል ከተገዛ ደግሞ ለሠራበት ጊዜ ብቻ ነው የሚታሰበው። የግብር ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። መኪናው ጥር 1 ቀን ሥራ ከጀመረ ለዚያ ዓመት የሚቀነሰው የስድስት ወሩ፣ ማለት በቀጥተኛው ዘዴ 7,500 ብር ነው።

ይህ ሁሉ ለማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የእርጅና ቅናሽ የሚጠቅመው ግብሩ በትርፍ ላይ ለሚሰላ ሰው ነው። ትርፍ ማለት ገቢ ሲቀነስ ወጪ ነውና ወጪው ሲበዛ ግብሩ ያንሳል። ግብሩ በጠቅላላ ሽያጩ ላይ ለሚሰላ ሰው ግን ወጪም ሆነ እርጅና አይቀነስም።

ዱሮ ግብር ከፋዩ ሀ፣ ለ፣ ሐ ተብሎ በሦስት ይከፈል ነበር። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ይህንን ወደ ሁለት አውርዶታል። ዓመታዊ ገቢው 2,000,000 ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ነጋዴ ደረጃ ሀ ነው፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ደግሞ ገቢው ያነሰም ቢሆን ደረጃ ሀ ነው። ደረጃ ሀ የሂሳብ መዝገብ ይይዛል፣ ወጪውንና እርጅናውን ይቀንሳል፣ በትርፉ ላይ ይከፍላል። ከ2,000,000 ብር በታች የሚያስገባው ግለሰብ ደረጃ ለ ነው፤ ግብሩም በዓመታዊ ሽያጩ ላይ በተወሰነ ምጣኔ ይሰላል።

አንዳንዶቻችሁ «ሁለት ሚሊዮን! እኛ ጋ ምን አመጣው?» ትሉ ይሆናል። እስቲ እናስላው። በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ሰው በቀን ከ6,700 ብር ያላነሰ ከሸጠ 2,000,000 ይሞላል። በዛሬ ዋጋ አንድ ዳቦ ቤት ወይም አንድ ቡናና ምሳ ቤት ይህን ለመሸጥ ብዙ አይቸገርም። ዋጋ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ሥራው ሳያድግ ሽያጩ ብቻ ያድጋል። ስለዚህ ዛሬ ደረጃ ለ የሆነ ሰው ነገ ሳያስበው ሀ ላይ ሊገኝ ይችላል።

ጥቅሙን በቁጥር ልንገራችሁ። አንድ የእንጨት ሥራ ቤት በዓመት 2,400,000 ብር ሸጠ። ለጣውላ፣ ለደመወዝ፣ ለኪራይና ለሌላው 2,000,000 አወጣ። የሥራ ዕቃውን ካልመዘገበ ትርፉ 400,000 ተብሎ ይያዛል። ነገር ግን መጋዙ፣ ፕላነሩና ሌላው ማሽን በጠቅላላ 600,000 ብር የተገዛ ነው። የዚህ 15 በመቶ 90,000 ነውና እርጅናው ሲቀነስ ትርፉ 310,000 ይሆናል። በአሁኑ ሠንጠረዥ የግለሰብ ነጋዴ ዓመታዊ ትርፍ ከ168,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ነው የሚከፈልበት። ስለዚህ በ90,000 ላይ ሊከፍል የነበረው 31,500 ብር ይቀርለታል። ይህ በአንድ ዓመት ነው። ሠላሳ አንድ ሺህ ብር ለአንድ እንጨት ቤት ማለት የስንት ጣውላ ዋጋ እንደሆነ ባለሙያዎቹ ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ። በዚያው በ2017ቱ አዋጅ ደረጃ ሀ ግብር ከፋይ የሚከፍለው ከጠቅላላ ገቢው 2.5 በመቶ እንዳያንስ የሚል ወለል ተቀምጧል። በምሳሌአችን የ2,400,000 ሁለት ነጥብ አምስት በመቶ 60,000 ብር ነው። ወጪ የቱንም ያህል ቢቀነስ ግብሩ ከዚያ በታች አይወርድም። ስለዚህ «እርጅና ስለምቀንስ ምንም አልከፍልም» የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል።

የቆጡን አወርድ ብላ

አሁን ስለ አንድ ወንድማችን ላጫውታችሁ። ስሙን አልጠራም፤ እንድናገር ግን ፈቅዶልኛል። ይህ ወንድማችን ብየዳ ቤት አለው። እቁብ ደርሶት ማሽን ሊገዛ ሄደ። ሻጩ ሁለት ዋጋ ጠራለት። «በደረሰኝ ከሆነ 230,000፣ ያለ ደረሰኝ ከሆነ 200,000» አለው። ሠላሳ ሺህ ብር ማን ይጠላል? ያለ ደረሰኝ ገዛ፤ ቤቱም ሲገባ ብልጥ ነኝ ብሎ ሚስቱን አስደሰተ።

ሥራው ተቃናለት፣ ሽያጩ አደገ፣ መዝገብ ያዝ ተባለ። የሂሳብ ሠራተኛው «የማሽኑ ደረሰኝ የታል?» ሲለው እጁን ዘረጋ። ማሽኑ እዚያው ቆሟል፣ እሳቱን ይተፋል፣ በወረቀት ላይ ግን የለም። ማሽኑ በሕጉ ፊት ስላልተገዛ ሊያረጅለትም አልቻለም።

ሂሳቡን አብረን ሠራነው። የተጣራው ዋጋ 200,000 ብር ማሽኑ እስኪያልቅ ድረስ ቢቀነስለት፣ ትርፉ 35 በመቶ የሚከፈልበት ደረጃ ላይ ስለሆነ በጠቅላላ 70,000 ብር ግብር ይቀርለት ነበር። ሠላሳ ሺህዋ የተጨማሪ እሴት ታክስ ናት፤ በዚያ ታክስ ለተመዘገበ ሰው ደግሞ እሷም በደረሰኙ ትካካስለት ነበር። እንግዲህ 30,000 አተርፍ ብሎ 70,000 አጣ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። በዚያ ላይ ያለ ደረሰኝ መሸጥም ሆነ መገበያየት በሕግ ያስጠይቃል፤ ማሽኑ ቢሰረቅ እንኳ የእኔ ነው ለማለት የሚይዘው ወረቀት የለም።

ወገኖቼ፣ እኔ ይህንን የምናገረው ወንድማችንን ለመውቀስ አይደለም። ብዙዎቻችን እንደዚሁ አድርገናል፤ ካላደረግንም ልናደርግ አስበናል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ወረቀት የሌለው ሰው በሌላ ሰው ግምት ይኖራል። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት ወጥቶ በከተማችን የነበረውን ጩኸት ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ ገማቾች በየሱቁ እየገቡ በዓይናቸው ያዩትን፣ በጆሯቸው የሰሙትን ይዘው ነበር የሄዱት። ግምቱ በዛብን ያለ ሰው ብዙ ነበር፤ «ይኸው መዝገቤ» ብሎ የሚያሳይ ግን ጥቂት ነበር። እንባ ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃ የሚሆነው ወረቀት ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የሥራ ዕቃ ስትገዙ ደረሰኝ ተቀበሉ። በደረሰኙ ላይ የእናንተ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በትክክል መጻፉን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። ትልቅ ገንዘብ በእጅ ከመቁጠር በባንክ አስተላልፉ፤ ባንኩም ሌላ ምስክር ይሆናችኋል።

ሁለተኛ፣ አንድ ደብተር ለሥራ ዕቃ ብቻ መድቡ። በየመስመሩ የዕቃውን ስም፣ የተገዛበትን ቀን፣ የተገዛበትን ዋጋ፣ የደረሰኙን ቁጥር፣ በየዓመቱ የተቀነሰውንና የቀረውን ዋጋ ጻፉ። ማጓጓዣና ማስተከያ የከፈላችሁት ካለም ደረሰኙን አብራችሁ አስቀምጡ፤ ዕቃው ሥራ እስኪጀምር ያስወጣው የዋጋው አካል ነው።

ሦስተኛ፣ ጥገናን ለይታችሁ መዝግቡ። ትንሽ ጥገና በዚያው ዓመት ወጪ ይሆናል። ከዕቃው የመዝገብ ዋጋ 20 በመቶ የሚበልጥ ጥገና ከሆነ ግን፣ በዕቃው ዋጋ ላይ ይደመርና ከዕቃው ጋር እያረጀ ይቀነሳል። የሞተር ቅያሪና የቺንጋ ቅያሪ አንድ አይደሉም።

አራተኛ፣ ዕቃውን ስትሸጡትም አስመዝግቡ። ያ ልብስ ሰፊ ከሦስት ዓመት በኋላ በመዝገብ 51,200 ብር የቀረችውን መኪና በ60,000 ቢሸጣት፣ ብልጫው 8,800 ብር እንደ ገቢ ይቆጠራል። በ45,000 ቢሸጣት ደግሞ የጎደለው 6,200 ብር እንደ ኪሣራ ይያዝለታል።

አምስተኛ፣ ወረቀት አትጣሉ። ሕጉ ግብሩ ከተስታወቀ በኋላም ለዓመታት ሰነድ እንድንይዝ ያዛል። የእኔ ምክር ግን ዕቃው በቤታችሁ እስካለ፣ ከዚያም በኋላ እስከ 10 ዓመት ድረስ አስቀምጡ የሚል ነው። የማሽን ደረሰኝ የሚታተምበት ወረቀት በሙቀትና በፀሐይ ቶሎ ይደበዝዛል፤ የተገዛ ዕለት ፎቶ ኮፒ አስነሱትና ከዋናው ጋር አያይዙት። ሁለት ሦስት ብር ነው እንጂ ሌላ አይደለም ስትሉ ሰምቻለሁ፤ ቢወደድም እንኳ አስነሱት።

ስድስተኛ፣ ደረጃ ሀ የሆናችሁ ግብር የምታስታውቁበት ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ነው። አራት ወር ሙሉ እያለ ጥቅምት 28 ላይ ሰልፍ መቆም ልማድ ሆኖብናል። መዝገቡን ሰኔ ላይ ዝጉት፤ መስከረም ሳያልቅ ጨርሱት። በልደታ ክፍለ ከተማ ያለው የገቢዎች ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ግር ያላችሁን ሁሉ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ሰልፉ ሳይበዛ የሄደ ሰው ጊዜ ተሰጥቶት ይስተናገዳል።

ለእናታችን መልስ

አሁን እናታችን፣ ወደ እርስዎ ጥያቄ ልመለስ። እውነቱን ልንገርዎት። የእርስዎ ወፍጮ ቤት በዓመት 2,000,000 ብር አያስገባም። ስለዚህ ግብርዎ በሚያስገቡት ላይ ነው የሚሰላው፤ የወፍጮዎ ማርጀት በግብር ወረቀቱ ላይ አይታይም። ይህ መልስ እንደማያስደስትዎት አውቃለሁ፤ የሌለ ነገር አለ ብዬ ቢሮ ለቢሮ እንዲንከራተቱ ግን አልፈልግም።

ይሁን እንጂ መንግሥት አላየውም ማለት ወፍጮው አላረጀም ማለት አይደለም። መጀመሪያ ማየት ያለብን እኛው ነን። ወፍጮው ዛሬ ቢገዛ 300,000 ብር ያወጣል እንበል፤ የዚህ 15 በመቶ በዓመት 45,000፣ በወር 3,750 ብር ነው። ይህን የሚያህለው ከወፍጮው የገባ ገንዘብ ትርፍ አይደለም፤ የወፍጮው የገዛ ሥጋው ነው። ይህንን ለበዓል ልብስና ለድግስ ካዋልነው ወፍጮውን እየበላነው ነው ማለት ነው። የቆመ ቀን የምንሄደው አበዳሪ ጋ ይሆናል። ስንት ጥሩ ሠራተኛ ነው ሥራው ሳይጠፋ ዕቃው አልቆበት ሱቁን የዘጋው? በዓይናችን አይተናል። ሁሉንም መቆጠብ ባይቻል ግማሹን፣ ግማሹም ባይሆን ሩቡን ለብቻው በባንክ ደብተር ማስቀመጥ ይቻላል። ጠብታ ውኃ ድንጋይ ይበሳል ይባላል።

ደግሞም ደረሰኙንና ደብተሩን እርስዎም ይያዙ። ነገ ልጅዎ ሥራውን ተረክቦ ዱቄት ማሸግ ቢጀምርና ደረጃው ቢያድግ መነሻ የሚሆነው ያ ወረቀት ነው። ባንክ ብድር ቢጠይቁም፣ ወፍጮውን ቢሸጡም የሚጠየቁት እሱኑ ነው።

ወንድሞችና እህቶች፤

ግብር መክፈል ያለብንን መክፈል ግዴታችን ነው፤ መንገዱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም ከዚያ ነው የሚሠራው። ከሚገባን በላይ እንዳንከፍል ሕጉ የሰጠንን ማወቅ ደግሞ መብታችን ነው። መብቱን በወረቀት ያልያዘ ሰው በር ላይ ቆሞ ይለምናል እንጂ ገብቶ አይጠይቅም።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በሰፈራችን የሂሳብ ትምህርት ተምረው ሥራ የያዙም፣ ሥራ የሚፈልጉም ልጆች አሉን። ከእነሱ ጋር ተነጋግሬ ሁለቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እየተገኙ የዕቃ መዝገብ አያያዝ ሊያሳዩን ፈቃደኛ ሆነዋል። ደብተርና ያላችሁን ደረሰኝ ይዛችሁ ኑ። ደረሰኝ የሌላችሁም ኑ፤ የዱሮው ባይመለስ እንኳ ከነገው መጀመር ይቻላል። የመዝገቡ ናሙና ከዚህ ንግግር ጎን በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል፤ እንዳይቀደድ አደራ፣ በእጃችሁ ገልብጡት።



የማኅበሩ ጸሐፊ
ልደታ፣ አዲስ አበባ